ሳይጨረስ የቀረው ለቅሶ

ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ ደጃችን ላይ ቆማ፣ «እህቴ፣ የሽማግሌ ካፖርት ይኖራችኋል? ተውሰን እንመልሳለን» አለችኝ። የከተማችን የቴአትር ክበብ ከስንት ዓመት በኋላ እንደገና ሊጀምር ነው፤ ልጆቹ እንደ ድሮው ልብስና ዕቃ ፍለጋ ቤት ለቤት ይዞራሉ። ልጅቱ ስታናግረኝ ዓይን ዓይኔን ታያለች። እኔ በእሷ ዕድሜ የሰው ዓይን ማየት አልችልም ነበር፤ አሁንም እምብዛም አልችልም። መሬት መሬት እያየሁ «ቆይ፣ ልፈልግ» ብያት ገባሁ። መፈለግስ አያስፈልገኝም ነበር። ካፖርቱ አልጋዬ ሥር ባለችው የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ታጥፎ ተቀምጧል። ክዳኑን ስከፍት ሽታው ፊቴን መታኝ፤ የበቅሎ ላብ፣ የኮርቻ ቆዳ፣ ላዩ ላይ ደግሞ እኔ የጨመርኩበት የብል መድኃኒት። ልጅቱ ደጅ ቆማ እንደምትጠብቀኝ እያወቅሁ ሣጥኑ አጠገብ ተንበርክኬ ቀረሁ። ፊቴ ልክ እንደዚያን ዕለት ጋለ። ይሄን ያህል ዘመን አልፎ እንኳ ያ ሀፍረት አልበረደልኝም።

ያኔ ከተማችን ሌላ ነበረች። ወይም እኔ ልጅ ስለነበርኩ ይሆናል ሌላ የመሰለችኝ። የገና በዓል ካለፈ በኋላም እንግዳው አይቋረጥም ነበር፤ በየመንገዱ ካሜራ ያንጠለጠለ ፈረንጅ፣ ከኋላው ደግሞ መስቀልና የብራና ሥዕል የያዘ ሻጭ። ወደ ገበያ በሚወርደው ቁልቁለት ጥግ ላይ አንድ ካሴት ቤት ነበር፤ ድምፅ ማጉያውን ደጃፍ አውጥቶ ከጠዋት እስከ ማታ ያዘፍናል። ባለቤቱ አንዱን ካሴት በጣም ስለሚወደው እየደጋገመ አጫውቶት ክሩ ተስቦ ነበርና ዘፋኙ እንቅልፍ የያዘው ይመስላል። እኛ ግን ዘፈኑ እንደዚያ ነው ብለን በዚያው በተጎተተ ድምፅ እንዘፍነው ነበር፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ ትክክለኛውን በሬዲዮ ስሰማ ሰውየው የሚሮጥ መሰለኝ። ሻይ በሃምሳ ሳንቲም፣ ፓስቲ በሃያ አምስት ሳንቲም ይሸጣል። ዛሬ ሃምሳ ሳንቲም ለልጅ ቢሰጡት ምን እንደሆነ ይጠይቃል። ደህና ኑሮ ያላቸው ሰዎች ልጆች ነጭ ሸራ ጫማ ነበራቸው፤ ሲቆሽሽ ከትምህርት ቤት በለቀሙት ጠመኔ ያነጡታል። የእኔ ጫማ የፕላስቲክ ኮንጎ ነበር። ፀሐይ ሲመታው እግሬን ያቃጥለኛል፤ ሸራ ጫማ ያደረጉትን ሳይ ደግሞ እግሬን ከቀሚሴ ሥር እደብቃለሁ። ቀሚሴ ግን አጭር ነበር።

ከካሴት ቤቱ ፊት ለፊት፣ አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ፣ ጋሽ ሲሳይ የሚባሉ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ክበቡን ያቋቋሙት እሳቸው ናቸው። ቀን ይሰፋሉ፣ ሲመሽ ድርሰት ይጽፋሉ። ደመወዝ የሚባል ነገር ለማንም አልነበረም፤ አስተናጋጁም አስጎብኚውም ባለሱቁም ሥራውን ጨርሶ ወደ ቀበሌው አዳራሽ ይመጣል። መጋረጃችን ሆቴሎች የጣሏቸው አንሶላዎች ተጋጥመው የተሰፉ ነበሩ፤ ጋሽ ሲሳይ የሆቴሎቹን ማኅተም ወደ ውስጥ እያዞሩ ቢሰፉትም አንዱ አምልጧቸው፣ የገበሬ ቤት ትዕይንት ሲሠራ ሁሉ ከግድግዳው ላይ «መልካም እረፍት» የሚል ጽሑፍ ይነበብ ነበር። መግቢያው ሁለት ብር ነው። በገቢው እናትና አባት ለሌላቸው ልጆች ደብተር ይገዛል። አንዳንዴ ብልባላ የሚባለው ገጠር ድረስ በእግር ሄደው ያሳያሉ፤ መጋረጃውንና ፋኖሱን አህያ ይሸከማል። የቀረው ነገር ሁሉ የትውስት ነው፤ ከዘራው ከአንዱ ቤት፣ ጋሻው ከሌላው፣ የቡናው ጀበርና ከጎረቤት። ሰው ደግሞ ዕቃውን የሚሰጠው ለዕለቱ ብቻ ስለሆነ ልምምዱ ሁሉ ያለ ዕቃ ነው፤ ጭራሮ ጠመንጃ ይሆናል፣ ጆንያ ካባ ይሆናል። ተመልካቹም ከቴአትሩ ይልቅ ዕቃውን ነበር የሚከታተለው። ገና ከዘራው ብቅ ሲል «የእነ እገሌ ከዘራ ነው!» የሚል ጩኸት ከኋላ ይሰማል፤ ባለ ከዘራውም ተነስቶ እጅ ይነሣል።

እኔ እዚያ የገባሁት እንቢ ማለት አፍሬ ነው። ከስድስተኛ ክፍል በኋላ ትምህርቴን አቁሜ፣ እናቴም አርፋ፣ ቤቱን የምይዘው እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን የአባቴን ሱሪ ላስጠግን ጋሽ ሲሳይ ዘንድ ሄድኩ። እሳቸው ተበሳጭተዋል፤ በአዲሱ ቴአትር የሟች ልጅ ሆና የምታለቅሰውን ልጅ ወንድሟ «አዝማሪ ልትሆኚ ነው?» ብሎ አስቀርቷታል። ከስፌት መኪናቸው ቀና ብለው አዩኝ።

«የሺ፣ ለቅሶ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«ላስታ ተወልዳ ለቅሶ የማታውቅ ሴት!» አሉና ክሩን በጥርሳቸው በጠሱት። «አራት መስመር ነው። ከዚያ ወዲያ አንድ ቃል አትናገሪም።»

ዝም አልኩ። ዝምታዬን እሺ አሉት።

አባቴ ይከለክለኛል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። እሱ ግን ነገሩን ስነግረው እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። «አንቺ? ከጎረቤት ጨው ለምነሽ የማትመጪው ልጅ? ሂጂ እንጂ፤ ምናልባት ድምፅሽ ይወጣልሽ እንደሆነ።»

አባቴ ሞላ በቅሎ አከራይ ነበር፤ እንግዶችን ወደ አሸተን ገዳም ሽቅብ ያወጣል። ካፖርቱን የሰጠው አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ነው፤ ጋራው ላይ አብረው ዝናብ ከመታቸው በኋላ አውልቆ ጥሎለት ሄደ። የጠርሙስ አረንጓዴ ነው፤ እስከ ጉልበት ይደርሳል። ሁለተኛው ቁልፍ ስለጠፋ ጋሽ ሲሳይ በቢጫ ተክተውለታል። አባቴ በጋ ከክረምት አያወልቀውም፤ ሰውም ከሩቅ የሚለየው በዚያ ነው። ገበያ ውስጥ የሚፈልገው ሰው «ሞላን አያችሁት?» አይልም፣ «ካፖርቱ ወዴት ሄደ?» ይላል እንጂ። ጋሽ ሲሳይ ለቴአትሩ ሽማግሌ ካፖርቱን ሲለምኑት ደረቱ ተነፋ። «ለዕለቱ እሰጣለሁ፤ እስከዚያ ግን ብርዱን ማን ይችልልኛል?» አለ።

ቴአትሩ በድንበር የተጣሉ ወንድማማቾች ታሪክ ነበር፤ ሳይታረቁ ታላቅየው ይሞታል። ታላቅየውን የሚሠራው ሰይድ ነው። ቤተሰቦቹ ከታች፣ ዋናው የመኪና መንገድ ከሚያልፍበት ከተማ መጥተው ሱቅ የከፈቱ ነጋዴዎች ናቸው፤ እንደ እሱ የሚያስቅ ሰው አላየሁም። ሽማግሌው ሲሞት፣ እኛ አገር እንደሚደረገው፣ ልብሱ ለቅሶው ላይ ይወጣል። እኔ ልጁ ነኝ። ካፖርቱን ከፍ አድርጌ እይዝና ሁለት መስመር አለቅሳለሁ፤ ቀጥሎ ሌላ ሁለት መስመር እልና ካፖርቱን ራሴ ለብሼው መጋረጃ ይዘጋል። የመጀመሪያው እንዲህ ነበር፦

ደጁን ማን ይከፍታል ሲመሽ ሲጨላልም፣
ካፖርቱ መጣ እንጂ ባለቤቱ የለም።

ልምምድ ላይ የምይዘው የስኳር ጆንያ ነው። ጋሽ ሲሳይ ከአዳራሹ መጨረሻ «ከፍ አድርጊው! የኋላው ሰው አልሰማም!» ይላሉ። ሰይድ ወለሉ ላይ እንደተኛ አንድ ዓይኑን ይከፍታል። «እኔ ሟቹ አጠገቧ ተኝቼ አልሰማኋት፣ የኋላው እንዴት ይስማ? ወላሂ፣ ይቺ ልጅ እኔ ስሞት እንዳታለቅስ። ሰው ሳይሰማ እቀበራለሁ።» ከዚያም የእኔን ድምፅ አስመስሎ በሹክሹክታ፣ «ጆንያው መጣ እንጂ ባለቤቱ የለም…» ሁሉም ይስቃል። እኔ ፊቴን በጆንያው እሸፍናለሁ።

ዕለቱ ቅዳሜ ነበር፤ ገበያው ሲበተን ሰው ሁሉ ወደ አዳራሹ ተመመ። አባቴ ካፖርቱን በር ላይ አውልቆ በገዛ እጁ ለጋሽ ሲሳይ ሰጠና ጋቢውን ተከናንቦ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠ። ያለ ካፖርቱ እንዴት እንዳነሰ! የስንት ዓመት ጎረቤታችን ሳታውቀው «አባት፣ ትንሽ ጠጋ ይበሉልኝ» አለችው። ሰይድ ጢሙን በዱቄት አንጥቶ፣ ካፖርቱን ለብሶ ሲወጣ አዳራሹ «የሞላ ካፖርት!» ብሎ ተናጋ፤ አባቴም በመጋረጃው ቀዳዳ ሳየው ጉልበቱን እየመታ ይስቅ ነበር። እስከዚያ ድረስ እንዲያ ያለ ደስታ ፊቱ ላይ አይቼ አላውቅም።

ከዚያ ሽማግሌው ሞተ። ሰይድ ከመጋረጃ ጀርባ ገብቶ ካፖርቱን አወለቀና አቀበለኝ። ሙቅ ነበር። አባቴን አባቴን ይሸታል። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የያዝኩት ጆንያ ስለነበር በሕይወት ያለ ሰው ልብስ ለቅሶ ላይ ልናወጣ እንደሆነ ከማናችንም ልብ አልገባም ነበር፤ ቁልፉን በእጃቸው የሰፉት ጋሽ ሲሳይም አላሰቡትም። አልቃሽ ሆነው የሚሠሩት ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሲወጡ እኔም ተገፍቼ ወጣሁ። ካፖርቱን ከፍ አደረግሁ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፄ ከሆዴ ወጣ፤ የራሴ አልመሰለኝም። ሁለቱን መስመር ስጨርስ አዳራሹ ጸጥ አለ። አንድ ሽማግሌ «በስመ አብ! የቆመ ሰው ልብስ!» ሲሉ ሰማሁ። አባቴ መሳቁን ትቶ ነበር፤ አፉን በጋቢው ይዞ ያየኛል።

የአዳራሹ በር የተከፈተው ያኔ ነው። የአባቴ እህት እትዬ ይመኙ ከገነተ ማርያም ለገበያ መጥታ፣ እህሏ አልሸጥ ብሎ አምሽታ፣ እኛ ቤት ስትደርስ በሩ ተዘግቷል። ጎረቤት «ሁሉም አዳራሽ ናቸው» ብሏታል። ቴአትር የሚባል ነገር አይታ አታውቅም። በሩን ስትገፋ የወንድሟ ካፖርት ወደ ላይ ተነሥቷል፣ እኔ ነጠላዬን አዘቅዝቄ አለቅሳለሁ፣ አገሩ ሁሉ ጸጥ ብሎ ተቀምጧል። ማን ሌላ ነገር ያስባል?

«ወንድሜን! ወንድሜን!»

ቅርጫቷን ጥላ ደረቷን እየመታች በሰው መካከል መጣች። እኛ አገር ሰው ብቻውን አያለቅስም፤ ቴአትር መሆኑን የሚያውቁት ሴቶች እንኳ ተነሥተው አብረዋት ጮኹ። አባቴ ዘሎ ተነሣ። «ይመኙ! አለሁ! አለሁ እኮ!» እሷ ግን ጋቢ የለበሰ ሰው ነው ያየችው። «ልቀቀኝ አንተ ሰውዬ!» ብላ ገፈተረችው። ይሄኔ ሰይድ ሊያግዝ ብሎ ከነዱቄት ጢሙ ከመጋረጃ ጀርባ ሮጦ ወጣ። «እናቴ፣ የሞትኩት እኔ ነኝ! እሳቸው አይደሉም!» ሬሳ ያናገራት መስሏት ጭራሽ ወደቀች። አባቴ መጨረሻ ላይ ካፖርቱን ከእጄ ወስዶ ለበሰው። እስከ ቢጫው ቁልፍ ቆለፈና ፊቷ ቆመ። አየችው። ከላይ እስከ ታች በእጇ ዳሰሰችው። ከዚያ አዳራሹ ሳቀ። እንደዚያ ያለ ሳቅ ከዚያ በፊትም በኋላም አልሰማሁም፤ ሰው ከወንበር ወደቀ። እትዬ ይመኙ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ ቁጢጥ አለች። እኔ ሮጬ ከአንሶላዎቹ ውስጥ ገባሁ። አባቴ «በሉ ጨርሱት፤ ለፍታችሁበታል» ሲል ይሰማኛል። ማን ይጨርሰዋል? የቀሩት ሁለት መስመሮች የእኔ ነበሩ።

ወደ ቤት ስንመለስ እትዬ ይመኙ ፊት ፊት ትሄዳለች፣ እኛ ከኋላ። አባቴ ጠጋ አለኝና ቀስ ብሎ፣ «ከዚያ በኋላስ ምን ልትይ ነበር?» አለኝ።

«ረሳሁት» አልኩ። አልረሳሁትም ነበር።

ወደዚያ አዳራሽ ከዚያ ወዲያ አልሄድኩም። እትዬ ይመኙም ገበያ ስትመጣ በጓሮ መንገድ ሆነ። ሰው ክፉ ባይሆንም ቀልድ ይወዳል፤ «ይመኙ፣ ወንድምሽ ደህና ነው?» እያለ አስመርሯታል። እሷ በጮኸችው አፈረች፣ እኔ ባስጮህኳት። እኛ ቤት ስታድርም ሆነ ኋላ አብረን ስንኖር ስለዚያ ቀን አንድም ጊዜ አላወራንም። አባቴ ብቻ ነበር የማያፍረው። ኮርቻ ሲያስር፣ ኮርቻ ሲያወርድ፣ ድንገት ቀና ብሎ «ቀሪዋን አልነገርሽኝም እኮ» ይለኛል። «የገዛ ለቅሶውን ግማሹን ሰምቶ ግማሹ የቀረበት ሰው እኔ ብቻ ነኝ» እያለ ለበቅሎዎቹ ሳይቀር ያማኛል። እስቃለሁ፤ ፊቴን አዞራለሁ። ሁለት መስመር ነበር። እንጀራ አቅርቤለት፣ እግሩን አጥቤው፣ ያችን ሁለት መስመር ፊት ለፊት ቆሜ ልነግረው አፈርኩ።

ከብዙ ዓመት በኋላ ያ የጦርነት ክፉ ጊዜ መጣ። መንገዱ ተዘጋ፣ እንግዳው ቀረ፣ ሆቴሎቹ ባዶ ሆኑ፤ ካሴት ቤቱ ቀድሞም ስልክ መጠገኛ ሆኖ ነበር፣ እሱም ተዘጋ። በቅሎዎቹ አንድ በአንድ ተሸጡ። አባቴ ክረምት ላይ ታመመ። ካፖርቱን ከብርድ ልብሱ በላይ ደርቤለት ተኝቶ፣ «እህ፣ ዛሬም ረስተሽዋል?» አለኝ። እያሾፈ ነበር፤ ዓይኑ ግን አያሾፍም። «ሲሻልህ እነግርሃለሁ» አልኩት። አልተሻለውም።

ለቅሶው ላይ ካፖርቱ ወጣ። ሴቶቹ ክብ ሠርተው መሐሉን ለቀቁልኝ። ሁሉም እኔን ያያል። አንዷ በክርኗ ነካ አድርጋኝ «የሺ፣ በይ እንጂ» አለችኝ። ቃሎቹ አፌ ውስጥ ነበሩ። ያን ሳቅ አስታወስኩ፤ ከመካከላቸው አንድ ሰው ያን ቀን ትዝ ብሎት ፈገግ ቢል ብዬ ፈራሁ። በሐሰት ለቅሶው አገር ያስለቀስኩት እኔ በእውነተኛው ለቅሶ እንደ ድንጋይ ቆምኩ። እትዬ ይመኙ ካፖርቱን ከእጄ ወስዳ በራሷ ቃል አለቀሰችለት። ብዙ ነገር አሳፍሮኝ ያውቃል፤ ኮንጎ ጫማዬ፣ አጭር ቀሚሴ፣ ያ አዳራሽ። ከሁሉም ግን ይሄ ነው የማይለቀኝ።

ካፖርቱን በክንዴ ይዤ ስወጣ ልጅቱ «ውይ፣ ሲያምር!» አለች። «በዕለቱ መጥተን ብንወስደውስ?»

«የለም፣ አሁኑኑ ውሰጂው። ልምምዱንም በእሱ ሥሩ። በጆንያ እንዳትለማመዱ።»

ምን ማለቴ እንደሆነ ስላልገባት ሳቀች። «ጋሽ ሲሳይ ከጉልበት በላይ ከሆነ አትውሰዱ ብለውናል። እስኪ አንዴ ይልበሱት፣ ልየው።»

አባቴ ከሞተ ወዲህ ማንም ለብሶት አያውቅም። ለበስኩት። እጅጌው ጣቶቼን ዋጣቸው። እትዬ ይመኙ ግድግዳውን ተደግፋ ፀሐይ ትሞቅ ነበር፤ አሁን እኔ ጋ ነው የምትኖረው፣ ዓይኗ ደክሟል። ወደ እኔ ዞረች። እጇን ግንባሯ ላይ ጋርዳ ብዙ አየችኝ።

«ሞላ?» አለች። «አንተ ነህ?»

ፊቴ ጋለ። ልጅቱ ታየኛለች። «እኔ ነኝ፣ የሺ ነኝ» ልል አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን ሌላ ነው፦

«እንዳይበርድህ ብዬ ይዤ ቆሜያለሁ፣
እስክትመጣ ድረስ እለብሰዋለሁ።»

ድምፄ ከሹክሹክታ አይሻልም ነበር። እትዬ ይመኙ እጇን ከግንባሯ አወረደች።

«ያን ዕለት ያቋረጥኩሽ እዚህ ላይ ነው?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ምን ልትል ነበር፣ ምን ልትል ነበር እያልኩ… ልጠይቅሽ እያፈርኩ…» አለችና የነጠላዋን ጫፍ ፊቷ ላይ አደረገች፤ ወዲያው ግን መልሳ ገለጠችው። «በይ ድገሚው። ከፍ አድርጊው፤ አልሰማሁሽም።»

ቁልፎቹን ቆለፍኩ፤ ቢጫውንም። ከፍ አድርጌ ደገምኩት። ከመንገዱ ማዶ ያሉት ሰዎች ሁሉ ዞረው አዩኝ። እኔም አየኋቸው።